ካምፓላ ውስጥ የሌለው ክሊኒክ

ክርክሩ ስለ ምንድን ነው?

ሲወለድ ሴት ተብሎ የተመዘገበ፣ እያደገ ሲሄድ ግን ራሱን እንደ ወንድ የሚያውቅ ልጅ አለ። ወንድ ተብላ ተመዝግባ ራሷን እንደ ሴት የምታውቅም አለች። ትራንስጀንደር የሚባሉት እነዚህ ናቸው። ጠቡ የከረረው ዕድሜያቸው ከ18 በታች በሆኑት ላይ ነው። ጉርምስና ሲጀምረው በሰውነቱ ለውጥ ክፉኛ የሚጨነቅ የ12 ወይም የ13 ዓመት ልጅ ሐኪም ዘንድ ቢቀርብ ምን ይደረግለት? በንግግር ብቻ ይረዳ? ጉርምስናው በመድኃኒት ይቆይለት? 16 ዓመት ሲሞላው ሆርሞን ይሰጠው? ወይስ ለአካለ መጠን እስኪደርስ ምንም አይነካ?

ጉዳዩን ከካምፓላ ተነሥቼ ማስረዳት የፈለግሁት በምክንያት ነው። የኡጋንዳ ዋና ከተማ በዚህ ክርክር በፓርላማዋም፣ በቤተ እምነቶቿም፣ በሬዲዮ ጣቢያዎቿም ድምጿን ከፍ አድርጋ ትሳተፋለች። ዓለም የሚጨቃጨቅበትን ሕክምና ለልጆች የሚሰጥ፣ በይፋ የሚታወቅ የመንግሥት ክሊኒክ ግን የላትም። በአንጻሩ ከጾታ ጋር በተያያዘ የሕፃናትንና የወጣቶችን ገላ የለወጠ ሕክምና እዚያ በእርግጥ ተካሂዷል፤ በሌላ ስም፣ አንዳንዴም ባለቤቱ ምን እንደሚደረግበት ሳያውቅ። ክርክሩ ይህኛውን እምብዛም አያነሣም፤ እኔን ደግሞ አብዝቶ የሚያሳስበኝ ይኸው ነው። ከሰው ገላ ላይ የማይመለስ ነገር ከመወሰዱ በፊት ባለቤቱ እውነቱን በሚገባው ቋንቋ ሊሰማ ይገባል ብዬ አምናለሁ። ከዚህ በታች የምለው ሁሉ ከዚህ እምነት የሚነሣ ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

መለየት ያለባቸው ሁለት ነገሮች

ትራንስጀንደር የሆነ ሰው ሰውነቱ ሲመረመር አብዛኛውን ጊዜ እንደ ማንኛውም ወንድ ወይም እንደ ማንኛዋም ሴት ነው። ያልገጠሙት ሰውነቱና እሱ ስለ ራሱ የሚያውቀው ነገር ናቸው። ኢንተርሴክስ፣ በልማድ አጠራር ፍናፍንት የሚባለው፣ ከዚህ ይለያል። የእሱ ልዩነት ከማሕፀን የሚጀምር የአካል ነገር ነው፤ ክሮሞዞሙ፣ የዘር ዕጢው፣ ሆርሞኑ ወይም ብልቱ ከተለመደው አፈጣጠር ወጣ ያለ ነው።

ሕግ አውጪዎችም ሰባኪዎችም ጋዜጠኞችም ሁለቱን ሲያደባልቁ ይሰማል። መዘዙ የሚያርፈው በልጆች ላይ ነው። አንዲት እናት የወለደችው ልጅ ብልቱ ግልጽ ስላልሆነ ብቻ ጎረቤት በግብረ ሰዶም ጉዳይ ሊያማት ይችላል፤ ሐኪም የሚያስፈልገው ሕፃን በዚህ ፍርሃት ቤት ተደብቆ ይቀራል።

አስቸኳዩ ጨው ነው

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የሕይወት ጉዳይ ነውና።

አዲስ የተወለደ ሕፃን ጾታው በዓይን ሲታይ የማይለይባቸው ምክንያቶች ብዙ ናቸው። በጣም ከሚታወቁት አንዱ ከኩላሊት በላይ ያለው አድሬናል ዕጢ በተፈጥሮ ጉድለት ኮርቲዞል የተባለውን ሆርሞን በበቂ ማምረት ሲያቅተው የሚመጣው ነው። አንጎል ኮርቲዞል አነሰ ብሎ ዕጢውን ያለማቋረጥ ያነቃቃዋል፤ ዕጢውም ይሰፋል፣ ትርፍ የወንዴ ሆርሞን ያመነጫል። ሕፃኗ ሴት ከሆነች ማሕፀኗና እንቁላል አመንጪዋ በቦታቸው እያሉ የውጭ ብልቷ የወንድ መስሎ ትወለዳለች። ከባድ የሆነው ዓይነት በዓለም ላይ በግምት ከ15,000 ልደቶች በአንዱ ይታያል።

አደጋው ከብልቱ መልክ አይመጣም። ይኸው ዕጢ ጨውን በሰውነት ውስጥ የሚያቆየውን ሌላ ሆርሞንም ያመነጫል። እሱም ሲጎድል ሶዲየም በሽንት ይወጣል፣ ፖታሲየም በደም ውስጥ ይከማቻል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሕፃኑ ያስመልሰዋል፣ ጡት አልይዝ ይላል፣ ይደርቃል፣ ካልታከመም ይሞታል። መንሥኤው ተቅማጥ ወይም ኢንፌክሽን ተብሎ ሊታለፍ ይችላል። መድኃኒቱ ሃይድሮኮርቲዞንና ፍሉድሮኮርቲዞን የተባሉ እንክብሎች ናቸው፤ ዕድሜ ልክ ይወሰዳሉ።

እንግዲህ ለቤተሰቡ አስቸኳይ የሆነው የትኛው ነው? ጨው ነው። የብልቱ መልክ ብዙ ጊዜ መጠበቅ ይችላል፤ ልጁ ወይም ልጅቷ አድገው ሐሳባቸውን እስኪናገሩ ድረስም ሊቆይ ይችላል። ቤተሰብ በድንጋጤው ወንድ ነው ሴት እያለ ሲጨነቅ፣ ሐኪሙም በዚያ ጭንቀት ተገፍቶ ስለ ቀዶ ጥገና ሲያስብ፣ የሚገድለው ነገር ሳይለካ ሊያልፍ ይችላል። በ2006 በዓለም አቀፍ ባለሙያዎች ስም የወጣው የቺካጎ የጋራ መግለጫ እነዚህን ልጆች በአንድ ሐኪም ብቻ ሳይሆን በቡድን እንዲታዩ መክሯል። ቀዶ ጥገና ከታሰበም ከመልክ ይልቅ ለአካሉ ተግባር ቅድሚያ እንዲሰጥ አሳስቧል። ለምሥራቅ አፍሪካ ከ2008 ጀምሮ ናይሮቢ ውስጥ የሕፃናት ሆርሞን ሐኪሞች ማሠልጠኛ ተከፍቷል፤ ከኡጋንዳም ከኢትዮጵያም ሄደው የሠለጠኑ ሐኪሞች አሉ። ከዚያ በፊት በአብዛኛው የአካባቢያችን ሆስፒታል እንዲህ ያለውን ሕፃን የሚቀበለው ቀዶ ሐኪም ነበር። ቀዶ ሐኪም ደግሞ በእጁ ያለው መሣሪያ ቢላዋ ነው።

ጁሊየስ ካግዋ

በ1997 ካምፓላ የሚገኘው ፋውንቴን ማተሚያ ቤት አንድ ኡጋንዳዊ የራሱን ሕይወት የጻፈበትን መጽሐፍ አወጣ። ርዕሱ በአማርኛ ከጁሊየት ወደ ጁሊየስ ቢባል ያስኬዳል። ደራሲው ጁሊየስ ካግዋ በሴት ስም ያደገ፣ በጉርምስናው ሰውነቱ ወደ ወንድ ያደላ ሰው ነው። በራሱ ስም ወጥቶ ይህን መጻፍ በዚያን ጊዜ ካምፓላ ምን ያህል ድፍረት እንደጠየቀ መገመት አያዳግትም።

በኋላ በ2008 ካግዋ ኢንተርሴክስ ሆነው ለሚወለዱ ልጆችና ለቤተሰቦቻቸው የሚቆም ድርጅት አቋቋመ። ሥራው በአብዛኛው የቤት ለቤት ነው። አዋላጆችን ማስተማር፣ እርግማን ነው ተብላ የተገለለችን እናት ማጽናናት፣ ሆስፒታል ማድረስ፣ ልጁ ትምህርት ቤት ገብቶ በሽንት ቤትና በደንብ ልብስ ምክንያት እንዳያቋርጥ ከርእሰ መምህሩ ጋር መነጋገር። አስተማሪ ስለሆንኩ ይህ የመጨረሻው ከሁሉ ይነካኛል። ትምህርት ቤት ውስጥ ያለ ልጅ ስለ ራሱ የሚጠይቀውን ጥያቄ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚሰማው ወላጁ አይደለም።

የ800 ሜትሯ ሯጭ

ሩጫ የምንወድ ኢትዮጵያውያን የአኔት ነጌሳን ስም ልናውቀው ይገባ ነበር። በግንቦት 2012 ኔዘርላንድስ ውስጥ ሄንገሎ ላይ 800 ሜትርን በ1 ደቂቃ ከ59.08 ሰከንድ ሮጣ የኡጋንዳን ክብረ ወሰን ያዘች። ዕድሜዋ 20 ነበር። ለለንደን ኦሊምፒክ እየተዘጋጀች ሳለ ግን በደሟ ያለው ቴስቶስትሮን ከፍ ያለ ስለሆነ እንደማትወዳደር ተነገራት። ዓለም አቀፉ የአትሌቲክስ ፌዴሬሽን በ2011 ያወጣው ደንብ ከ10 ናኖሞል በሊትር በላይ ያላቸውን ሴቶች ከውድድር ያግድ ነበር።

ኒስ፣ ፈረንሳይ፣ ተልካ ተመረመረች። በዚያው ዓመት ኅዳር ካምፓላ ውስጥ አንድ የግል ሆስፒታል ገባች። በኋላ እንደተናገረችው የጠበቀችው እንደ መርፌ ያለ ቀላል ነገር ነበር። ስትነቃ ሆዷ ላይ የቀዶ ጥገና ቁስል አገኘች። ውስጧ የነበረው የዘር ዕጢ ወጥቶ ነበር። ሰውነቷ ከልጅነት ጀምሮ ሲጠቀምበት የኖረው ሆርሞን በአንድ ቀን ተቋረጠ፤ በምትኩ የሚሰጥ ሆርሞንም በወጉ አልተጀመረላትም። ራስ ምታት፣ የመገጣጠሚያ ሕመምና ድካም ጸኑባት። የዩኒቨርሲቲ ነጻ ትምህርቷን አጣች፤ ሩጫው ቆመ። በ2019 ለጀርመን ቴሌቪዥን ታሪኳን ተናገረች፤ ጀርመንም ጥገኝነት ሰጠቻት። ፌዴሬሽኑ በበኩሉ የተለየ ሕክምና አላዘዝኩም፣ አልመከርኩምም ብሏል።

ነጌሳ ኢንተርሴክስ እንጂ ትራንስጀንደር አይደለችም። ሴት ሆና ተወልዳ ሴት ሆና ያደገች ናት። ታሪኳን እዚህ ያመጣሁት ወጣት ገላን ከጾታ ጋር በተያያዘ ምክንያት ለሁልጊዜ የለወጠ፣ ካምፓላ ላይ የተደረገ፣ በይፋ የታወቀ ሕክምና ስለሆነ ነው። በሽታ አልነበረባትም። የተወሰደባት ነገር ጤናዋን አልጎዳም ነበር። በ2013 የፈረንሳይ ሐኪሞች ባሳተሙት ጽሑፍ ከታዳጊ አገሮች በመጡ ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 21 በሆነ አራት አትሌቶች ላይ ተመሳሳይ ቀዶ ጥገና እንደተደረገ ገልጸዋል፤ ዕጢዎቹ በቦታቸው ቢቆዩ ለጤና የሚያሰጋ ነገር እንደሌለም እዚያው ጽፈዋል። ቢላዋው የመጣው መሮጥ እንዲችሉ ነው። ገጠር አድጎ ሩጫ ብቸኛ እንጀራው ለሆነ ወጣት እንዲህ ዓይነቱ ምርጫ ምርጫ ነው ብዬ ለመቀበል ይቸግረኛል።

የዊኒፔጉ ልጅ

ሌላው ዓለም ከዚህ በፊት የተማረው አንድ ትምህርት አለ። ካናዳ፣ ዊኒፔግ፣ በ1965 ከተወለዱ መንታ ወንዶች አንዱ በስምንት ወሩ ሲገረዝ በተፈጠረ አደጋ ብልቱ ተቃጠለ። በአሜሪካ የጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል የሥነ ልቦና ሊቅ ጆን መኒ ለወላጆቹ ሴት አድርጋችሁ አሳድጉት አላቸው። የመኒ እምነት ልጅ ገና በጨቅላነቱ ከተጀመረለት በአስተዳደግ ወንድም ሴትም ሊደረግ ይችላል የሚል ነበር። የዘር ፍሬው ወጣ፣ ስሙ ተቀየረ፣ ቀሚስ ለበሰ፣ በጉርምስናው ኢስትሮጅን ተሰጠው። ልጁ ግን ሴት መሆኑን አንድም ቀን አልተቀበለም። 14 ዓመት ሲሆነው አባቱ እውነቱን ነገረው፤ ወዲያው ዴቪድ ብሎ ራሱን ሰየመ፣ ወንድ ሆኖም ኖረ። በ2004፣ በ38 ዓመቱ፣ ሕይወቱን በገዛ እጁ አጠፋ።

የዴቪድ ራይመር ታሪክ በሕክምና መጽሔት በሰፊው የተጋለጠው በ1997፣ የካግዋ መጽሐፍ ካምፓላ ላይ በታተመበት ዓመት ነው። ዛሬ ሁለቱም ወገኖች ይጠቅሱታል። የሕክምናው ተቃዋሚዎች ሐኪም ልጅን ወደ ሌላ ጾታ መለወጥ እንደማይችል ያሳያል ይላሉ። ደጋፊዎች ደግሞ ሰው ስለ ራሱ የሚያውቀውን ጾታ ከውጭ በግድ መጫን እንደማይቻል ያሳያል ይላሉ። ሁለቱ ንባቦች እርስ በርስ የሚጣሉ ይመስላሉ። እኔ ግን ሁለቱም የሚዘሉት ነገር አለ ባይ ነኝ፦ ልጁ እስከ 14 ዓመቱ ተዋሽቷል።

ጉርምስናን የሚያቆየው መድኃኒት

ጉርምስና የሚጀምረው ከአንጎል ነው። ሃይፖታላመስ የተባለው የአንጎል ክፍል ጂኤንአርኤች የሚባል ሆርሞን በየተወሰነ ጊዜ ጠብ ያደርጋል፤ ፒቱታሪ ዕጢ ያን ተቀብሎ የዘር ዕጢዎችን ያነቃል፤ እነሱም ቴስቶስትሮን ወይም ኢስትሮጅን ያመነጫሉ። ሊዩፕሮሬሊንና ትሪፕቶሬሊን የተባሉት መድኃኒቶች ይህንኑ የመጀመሪያ ሆርሞን መስለው ያለማቋረጥ ይሰጣሉ። ፒቱታሪ የሚሰማው እየመጣ የሚቋረጥ ጥሪን ስለሆነ፣ ጥሪው ሳያቋርጥ ሲመጣበት መስማት ያቆማል። ጉርምስናው ባለበት ይቆማል። በወር ወይም በሦስት ወር አንዴ የሚወጋ መርፌ ነው።

መድኃኒቱ አዲስ አይደለም። ከ1980ዎቹ ጀምሮ ጉርምስና ያለ ዕድሜያቸው ለጀመራቸው፣ ለምሳሌ በስድስት ዓመቷ ጡት ለምታወጣ ልጅ፣ ሲሰጥ ኖሯል፤ ለእነሱ ሐኪሞች የሚስማሙበት ሕክምና ነው። ለትራንስጀንደር ታዳጊዎች ማዋል የተጀመረው በኔዘርላንድስ፣ በተለይ በአምስተርዳም፣ በ1990ዎቹ ነው። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። ያለ ዕድሜዋ ለጀመራት ልጅ መርፌው ሲቆም የራሷ ጉርምስና በጊዜው ይቀጥላል። ለትራንስጀንደር ታዳጊዎች ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚከተለው የሌላው ጾታ ሆርሞን ነው።

መርፌው ሲቆም ጉርምስና ስለሚመለስ የሚቀለበስ ሕክምና ነው ሲባል ኖሯል። በከፊል እውነት ነው። አጥንት ጥንካሬውን በብዛት የሚያከማቸው ግን በጉርምስና ወቅት ነውና መድኃኒቱ በቆየ ቁጥር ያ ክምችት ይዘገያል። ገና በጉርምስና መጀመሪያ ታግዶ በቀጥታ ወደ ሌላው ጾታ ሆርሞን የሚሻገር ልጅ ደግሞ ልጅ የመውለድ ዕድሉን ሊያጣ ይችላል፤ ዘሩ ወይም እንቁላሉ ለመብሰል ጊዜ አላገኘምና። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ቴስቶስትሮን የሚያጎረንነው ድምፅ ሆርሞኑ ቢቆምም አይመለስም። የ13 ዓመት ልጅ ስለ ወደፊት ልጆቹ በቁም ነገር ሊወስን ይችላል ወይ የሚለው ጥያቄ የጠላት ጥያቄ አይደለም። በአንጻሩ ምንም አለማድረግም ራሱን የቻለ ውሳኔ ነው። ራሷን እንደ ሴት ለምታውቅ ልጅ የሚጎረንን ድምፅ፣ የሚሰፋ ትከሻ፣ የሚወጣ ጢም እንዲሁ አይመለስም።

ማስረጃው ምን ያህል ነው?

የኔዘርላንድስ ሐኪሞች በ2011 ባሳተሙት ጥናት 70 ታዳጊዎች መርፌውን በወሰዱበት ጊዜ የድባቴና የባሕርይ ችግራቸው ቀንሷል፤ 70ዎቹም ወደ ሆርሞን ተሻግረዋል። በ2014 ከመካከላቸው 55ቱን ተከታትለው በጉልምስና መጀመሪያ ደኅና ላይ እንዳሉ ጻፉ። ልጆቹ በጥንቃቄ የተመረጡ፣ ቤተሰብ የደገፋቸው፣ ሌላ ከባድ የአእምሮ ሕመም የሌላቸው ነበሩ። እንግሊዝ ይህን በ44 ልጆች ለመድገም ሞከረች። በ2021 የወጣው ውጤት በሥነ ልቦናቸው ላይ ጉልህ ለውጥ አላሳየም፤ 43ቱ ወደ ሆርሞን ሄደዋል።

ከ44ቱ 43ቱ መቀጠላቸውን አንዱ ወገን መርፌው ለማሰቢያ የሚሆን ፋታ ሳይሆን መንገድ ማስጀመሪያ መሆኑን ያሳያል ይለዋል። ሌላው ወገን ሐኪሞቹ በትክክል ትራንስጀንደር የሆኑትን እንደለዩ ያሳያል ይለዋል። ቁጥሩ ብቻውን ሁለቱን አይዳኝም።

በእንግሊዝ የልጆች ክሊኒክ የሚላኩት በ2009 ከ50 ያነሱ ነበሩ፤ በ2021 እና 2022 መካከል ባለው ዓመት ከ5,000 በለጡ። አብዛኞቹም ሲወለዱ ሴት የተባሉ ታዳጊዎች ሆኑ። የሕፃናት ሐኪሟ ሂላሪ ካስ በመንግሥት ጤና አገልግሎት ጥያቄ ጉዳዩን ለአራት ዓመት ያህል መርምራ በሚያዝያ 2024 የመጨረሻ ሪፖርቷን አወጣች። የዮርክ ዩኒቨርሲቲ ጥናቶቹን መዝኖላት ነበር። ማስረጃው ደካማ ነው፣ ልጆቹ ሰፋ ያለ የአእምሮ ጤና እንክብካቤ ያስፈልጋቸዋል፣ መርፌው በምርምር ውስጥ ብቻ ይሰጥ የሚል ነበር ድምዳሜዋ። ፊንላንድና ስዊድን ከእሷ በፊት ወደ ጥንቃቄው ዞረዋል። እንግሊዝ በታኅሣሥ 2024 ለትራንስጀንደር ልጆች መርፌውን እንደ አዲስ መስጠትን ላልተወሰነ ጊዜ አገደች።

በሌላው ወገን የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚና ኢንዶክራይን ሶሳይቲ የተባለው የሆርሞን ሐኪሞች ማኅበር ሕክምናውን ደግፈዋል። የጀርመን፣ የኦስትሪያና የስዊዘርላንድ ሐኪሞች በ2025 ባወጡት መመሪያም ለተመረጡ ታዳጊዎች፣ በጥንቃቄ፣ በሩን ክፍት ትተዋል። ስለዚህ ሐኪሞች ተስማምተዋል የሚል ሰው፣ በየትኛውም አቅጣጫ ቢለው፣ ትክክል አይደለም።

ደካማ ማስረጃ ማለት ደግሞ ጉዳቱ ተረጋግጧል ማለት አይደለም። ጥቅሙንም ጉዳቱንም በእርግጠኝነት መናገር አልተቻለም ማለት ነው። በሕፃናት ሕክምና ብዙ ነገር በደካማ ማስረጃ ይሰጣል። እዚህ ላይ ጥናቱን የሚያከብደው አንዱ ነገር ዕጣ አውጥቶ ለአንዱ መድኃኒት ለሌላው ባዶ መርፌ መስጠት አለመሠራቱ ነው፤ ጉርምስና ስለሚታይ የትኛው የትኛውን እንደወሰደ ወዲያው ይታወቃል። የተጸጸቱም አሉ። እንግሊዛዊቷ ኪራ ቤል በ16 ዓመቷ መርፌውን ጀምራ፣ ቴስቶስትሮን ወስዳ፣ ጡቷን አስወግዳ፣ በኋላ ተመልሳ ክሊኒኩን ከሰሰች። በ2020 ረታች፤ በ2021 ይግባኝ ሰሚው ውሳኔ ለሐኪሞችና ለቤተሰብ ነው ብሎ ያን ፍርድ ሻረው። ሳይጸጸቱ የሚኖሩም አሉ፤ ቁጥራቸው ከተጸጸቱት ይበልጣል። አንዱን በሌላው አፍ ዝም ማሰኘት ለማንም ልጅ አይጠቅምም።

ውጭ ላሉ ወገኖቻችን

ሚኒያፖሊስ ያለ ኢትዮጵያዊ ቤተሰብና ዳላስ ያለ ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ ዛሬ በሁለት የተለያዩ ሕጎች ሥር ይኖራሉ። ቴክሳስ ከመስከረም 2023 ጀምሮ ለታዳጊዎች ይህን ሕክምና ከልክላለች፤ ሚኒሶታ በዚያው ዓመት ከሌላ ግዛት ለሚመጡትም ከለላ ሰጥታለች። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሰኔ 2025 የቴነሲን ክልከላ በ6 ለ3 ድምፅ አጽድቋል። እንዲህ ያለ ጉዳይ የገጠመው ወላጅ ብዙ ጊዜ ከቤተ ክርስቲያንም ከመስጊድም ከዘመድም ደብቆ ይይዘዋል። ብቻውን ባይሸከመው እመኛለሁ።

ካምፓላ ከ2023ቱ ሕግ በኋላ

በመጋቢት 2023 የቡጊሪ ከተማ ተወካይ አሱማን ባሳሊርዋ ለፓርላማ ባቀረቡት የመጀመሪያ የሕግ ረቂቅ ውስጥ ራስን ትራንስጀንደር ነኝ ብሎ መግለጽ ራሱ ወንጀል ነበር። ፕሬዚዳንት ሙሴቬኒ ረቂቁን መልሰውት ከተሻሻለ በኋላ በግንቦት መጨረሻ የፈረሙት ጸረ ግብረ ሰዶም ሕግ ማንነትን ሳይሆን ድርጊትን የሚቀጣ ሆነ። ቅጣቱ እስከ ዕድሜ ልክ፣ ተባብሷል በሚባለው ጊዜ እስከ ሞት ይደርሳል፤ ግብረ ሰዶምን ማስፋፋት እስከ 20 ዓመት ያሳስራል። ሕጉ የጠረጠረ ሰው ሁሉ ለፖሊስ እንዲያመለክትም ያስገድድ ነበር። በሚያዝያ 3 ቀን 2024 የሕገ መንግሥቱ ፍርድ ቤት ሕጉን በጥቅሉ አጽንቶ ያን የማመልከት ግዴታና ሌሎች ጥቂት ድንጋጌዎችን ብቻ ሻረ። ጤና ሚኒስቴር በ2023 ለጤና ተቋማት አገልግሎት ያለ አድልዎ ይሰጥ የሚል ደብዳቤ በትኗል።

ወረቀቱ ይህን ይላል። የታማሚ ፍርሃት ግን በደብዳቤ አይነሣም። አንድ ወጣት ስለ ጾታው ጭንቀት ለሐኪም አፉን ለመክፈት፣ ሐኪሙም ለመስማት፣ እንደ ማስፋፋት ይቆጠርብኝ ይሆን ብለው ያስባሉ። ያነጋገረው የለም እንጂ ልጁ ፍላጎቱን አልተወም። አቅም ያለው ውጭ ይሄዳል፤ ክሊዮፓትራ ካምቡጉ የተባለችው ኡጋንዳዊት በጉልምስናዋ ታይላንድ ሄዳ ታክማለች፣ ጉዞዋም በ2016 በዘጋቢ ፊልም ታይቷል፤ በ2021 ሴት የሚል መታወቂያ ማግኘቷ ተሰምቷል። አቅም የሌለው ሆርሞን ያለ ማዘዣ ይፈልጋል። የወሊድ መከላከያ እንክብል በብዛት መዋጥ ደምን እግርና ሳንባ ውስጥ ሊያረጋ ይችላል፤ ያለ ምርመራ የሚወጋ ቴስቶስትሮን ደምን ያወፍራል። ሕክምናውን አጥብቆ የሚቃወም ሰው እንኳ ይህን ሊፈልግ አይችልም። ለ15 ዓመት ልጅ መርፌ አለመስጠት አንድ ነገር ነው፤ የሚያነጋግረው ሰው መንፈግ ግን ሌላ ነገር ነው። ካስም ብትሆን ልጆቹ ይታገዱ አላለችም፣ በደንብ ይታከሙ ነው ያለችው።

ሐኪሙን ምን እንጠይቅ?

አዲስ የተወለደው ልጃችሁ ጾታው ካልለየ የመጀመሪያው ጥያቄ ሶዲየምና ፖታሲየሙ ተለክቷል ወይ የሚል ይሁን። ስለ ቀዶ ጥገና ከተነሣ፣ ሽንት እንዳይወጣ የሚከለክል ነገር ስላለ ነው ወይስ መልኩ እንዲስተካከል? ለመልክ ከሆነ ለምን አሁን? ከሰውነቱ የሚወጣው ምንድን ነው፣ ስሙ በምስክር ወረቀቱ ላይ ይጻፍልን በሉ። በስንት ዓመቱ ምን ብለን እንንገረው ብላችሁም ጠይቁ።

ልጃችሁ ታዳጊ ከሆነና በጾታው ከተጨነቀ፣ መድኃኒቱ ከመነሣቱ በፊት እንቅልፉ፣ ትምህርቱ፣ ጓደኞቹ፣ ድባቴው ይታይለት። መድኃኒት ያለበት አገር ከሆናችሁ ስለ አጥንቱና ስለ ወደፊት ልጆቹ ሐኪሙ በቀጥታ ለልጁ ይንገረው፤ ለእናንተ ብቻ ነግሮ አይለፍ። መቆጣት የፈለገ ወላጅ ይቆጣ። ልጁን ከቤት ማስወጣት ግን ከሁሉም ሕክምና የባሰ ጉዳት ነው።

አንቀጽ 38

የኡጋንዳ የሰዎች ምዝገባ ሕግ በ2015 ሲወጣ በአንቀጽ 38 ስለ ልጅ ጾታ ለውጥ ደነገገ። ፍናፍንት ሆኖ የተወለደ ልጅ ከተመዘገበ በኋላ በቀዶ ጥገና ከሴት ወደ ወንድ ወይም ከወንድ ወደ ሴት ከተለወጠና ሐኪም ካረጋገጠ፣ በወላጁ ወይም በአሳዳጊው ማመልከቻ መዝገቡ ይስተካከላል ይላል።

በቅን ልቦና የተጻፈ ይመስላል። ነገር ግን ምን እንደሚል አስተውሉ። በተሳሳተ ጾታ የተመዘገበ ልጅ ወረቀቱ እንዲታረምለት መንገዱ ቀዶ ጥገና ነው። ማመልከቻውን የሚያቀርበው ወላጅ ነው፤ ልጁ ተጠይቆ ይሁን የሚል ቃል የለም። ያለ ልደት ምስክር ወረቀት ፈተና ላይ ለመቀመጥ የሚቸገር ልጅ እናት ከዚህ አንቀጽ ምን ትረዳለች? አስቀድጂው የሚል ምክር። ልጆችን አትንኩ የሚለው ጩኸት ካምፓላ ላይ ሲበረታ ይህ አንቀጽ በሕግ መጽሐፉ ውስጥ ቦታውን ይዞ ቆይቷል።

ጎረቤት ኬንያ ሌላ መንገድ ጀምራለች። በታኅሣሥ 2014 ናይሮቢ ያለው ከፍተኛ ፍርድ ቤት በአንድ ኢንተርሴክስ ሕፃን ጉዳይ መንግሥት ስለ እንዲህ ያሉ ልጆች ምዝገባና ሕክምና መመሪያ እንዲያወጣ አዘዘ። በ2019 የሕዝብና ቤት ቆጠራ ኢንተርሴክስ ተብለው 1,524 ሰዎች ተቆጠሩ። በ2022 የወጣው የልጆች ሕግም ለኢንተርሴክስ ልጆች በስማቸው ጥበቃ ሰጠ። ማልታ ደግሞ ገና በ2015 ሊዘገይ የሚችለውን ቀዶ ጥገና ልጁ ራሱ ፈቃዱን እስኪሰጥ ድረስ ከልክላለች።

ኡጋንዳ የምትፈልገው ማሻሻያ አጭር ነው። በቀዶ ጥገና የሚሉት ቃላት ከአንቀጹ ይውጡ፣ የልጁ ሐሳብ ዕድሜው በፈቀደለት መጠን ይሰማ የሚል ይግባ፣ ለጤና የማያስፈልግ ቀዶ ጥገና ልጁ እስኪያድግ ይቆይ። ይህን ለማድረግ ፓርላማው ስለ ትራንስጀንደር ሕክምና አንድም አቋም መለወጥ አይጠበቅበትም።